ካፒቴኑና የባሕሩ አጥር

አባቴ «አይ፣ ይቅርብኝ» ካሉ ፈልገዋል ማለት ነው። የምር ያልፈለጉትን ነገር ሲያቀርቡላቸው ዝም ነው የሚሉት። ይህን ቤታችን ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ደሴ ያሉ ጎረቤቶቻችንም ያውቃሉ። ሰው ቤት ገብተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ሲሉ፣ ባለቤቲቱ እንዳልሰማች ሆና ሳህኑን ታቀርባለች። እሳቸውም «ምን አስቸገረሽ» እያሉ ይበላሉ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልተታለለም። ነገሩ የሚሠራው ግን አጥብቆ የሚለምን ሰው ሲኖር ነው። ባለፈው ሰኔ አሜሪካ ውስጥ፣ ቼሳፒክ የሚባል የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ አንድ የጀልባ ማቆሚያ ላይ፣ የሚለምን ሰው ጠፋ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

አባባ የመጡት በጉብኝት ቪዛ ነው። ያረፉት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ታላቅ እህቴ ዘንድ ነበር፤ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር ምድር ቤት ተከራይቼ ስለምኖር ማሳረፊያ የለኝም። እህቴ ክሪስታል ሲቲ ያለ ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው። ባሏ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አባባ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን መስኮት ሥር ተቀምጠው የመኪና ማቆሚያውን ያያሉ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ስሄድ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው አገኘኋቸው። ውጭው ያቃጥላል፤ ቤቱ ግን ኤሲው ስለተለቀቀ በረዶ ነው።

«አባባ፣ ለምን አያጠፉትም?»

«ኧረ ምንም አይልም። የቤቱ ጠባይ መስሎኝ ነው።»

«እህቴን ለምን አልነገሯትም?»

«ደክሟት ነው የምትገባው፤ በምን ላስቸግራት?»

ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ነበሩ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ወተት አልነኩም፤ «የእርስዎ ነው» ያላቸው ስላልነበረ። እህቴ ስትሰማ ሳቀች፣ «አባባ እኮ!» ብላ። እኔ አልሳቅሁም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እህቴ የአሌክሳንድሪያን ወንዝ ዳር ልታሳያቸው ወሰደችን። ሰው አይስክሬም እየላሰ ይመላለሳል። አባባ የብረቱን አጥር ይዘው ውኃውን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «ይሄ ውኃ ጨው አለው?» አሉ።

«የለውም አባባ፣ ወንዝ ነው» አለች እህቴ።

አጥሩን ሳይለቁ፣ «ባሕሩ ሩቅ ይሆን?» አሉ።

እህቴ ስልኳ ጮኾ ሄደች። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከአባቴ አፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ መውጣቱ ሌላው ሰው ተንበርክኮ እንደመለመኑ ነው።

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። እኔንም አስተምረውኛል። ስለ ባሕር የሚያስተምሩ ቀን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ትምህርት ቤቱ ነጭ ጠመኔ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ እሳቸው ግን ከኮት ኪሳቸው በመሐረብ የጠቀለሉት ሰማያዊ ጠመኔ ያወጣሉ። መጀመሪያ የባሕሩን ዳር ያሰምራሉ። ከዚያ ከዳሩ ተነሥቶ ወደ ጥልቁ የሚሄድ የካስማ ረድፍ፤ ከረድፉ ጫፍ ልብ የሚመስል ቅርጽ፤ ከልቡ ጫፍ አራት ማዕዘን ሣጥን። «ይህ» ይላሉ፣ «ሰዎች ባሕር ውስጥ የሚያጥሩት አጥር ነው። ካስማው ላይ መረብ ይወጠራል። ዓሣው በዳር በዳር ሲሄድ አጥሩ ያግደዋል። ወደ ጥልቁ አመልጣለሁ ብሎ አጥሩን ተከትሎ ሲሄድ፣ ራሱ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል።» ሥዕሉን ያዩት አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ነው።

በየዓመቱ አንድ ልጅ እጁን ያወጣል። «ጋሼ፣ ዓሣው በገባበት በር ለምን አይወጣም?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» ይሉና ሰሌዳውን መጥረግ ይጀምራሉ።

በእኛ ዓመት አንዱ ከኋላ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ግን ባሕር አይተው ያውቃሉ?» አላቸው።

«አላየሁም» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ካፒቴን ሆነ። እኔን ደግሞ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወንዶቹ ከኋላዬ፣ «የካፒቴኑ ልጅ! መርከባችሁ የት ቆመ?» ይሉኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ሰዎች ዓይን አፋር ናት ማለት የጀመሩት ያኔ ይመስለኛል።

ለምን እንዳላዩ እናቴ ነግራናለች። ደሴ የአሰብ መንገድ ላይ ናት፤ የነዳጅ መኪናው ሁሉ በዚያው ነበር የሚያልፈው። አባባ በወጣትነታቸው መምህራን ባሕር ሊያዩ አሰብ ሊሄዱ ሆነ። አውቶብሱ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል አስተባባሪው አንድ ወንበር ቀርቷል፣ ግባ አላቸው። አባባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ኧረ እኔ ይቅርብኝ፣ ሌላ ሰው ይሂድ።» አስተባባሪው ቸኩሎ ነበርና ሌላ ሰው ሄደ። ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ፤ መንገዱም ተዘጋ። እናቴ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር። እኔ በልጅነቴም አያስቀኝም ነበር።

ስለዚህ «ባሕሩ ሩቅ ይሆን?» ሲሉ ምን እንደጠየቁኝ ገባኝ። አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት ልጅ ነበረች። አጎቷ ያ የአሌክሳንድሪያው ወንዝ፣ ፖቶማክ፣ ከቼሳፒክ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ዓሣ አጥማጅ እንደሆነና በካስማ መረብ እንደሚያጠምድ ምሳ ላይ አውርታልኝ ታውቃለች። እነሱ ፓውንድ ኔት ነው የሚሉት። ፎቶ ስታሳየኝ ጠመኔው ነው የታየኝ፤ ረድፉ፣ ልቡ፣ ሣጥኑ። ሰው ውለታ መጠየቅ ለእኔ ሞት ነው። ቢሆንም አባባ የሚመለሱበት ቀን እየቀረበ ነበርና፣ አንድ ቀን ምሳዬን ሳልከፍት ጠየቅኋት። ደውላለት ቅዳሜ ይምጡ አለ። እህቴ ትነዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ሺፍት ስላላት ቶሎ እንመለሳለን። አባባ በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳሉ። ሌላ ቅዳሜ የለም።

ገና ሳይነጋ ተነሣን። አባባ ለበዓል የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው መኪናው አጠገብ ቆመው ነበር።

«አባባ፣ ሠርግ አይደለም እኮ የምንሄደው» አለች እህቴ።

«ሰው ቤት አይደል የምንሄደው?» አሉ።

ከተማው አልቆ ጫካና የበቆሎ ማሳ ሲመጣ አባባ መስታወቱን በጥፍራቸው ነካ ነካ ያደርጉ ነበር። እህቴ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ማናጀሯ ታወራለች።

ማቆሚያው ከሳንቃ የተሠራ፣ ግማሹ ያረጀ መድረክ ነው። ባሕሩ ከዚያ ጀምሮ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ማዶ የለውም። አባባ ጫፉ ድረስ ሄደው ቆሙ። ከፊት ለፊት፣ ውኃው ውስጥ፣ የካስማው ረድፍ ይታያል። ካስማዎቹ ጎባጣ ናቸው፣ ቀጥ ያለ አንድም የለም፤ በእያንዳንዱ ላይ ጥቁር ወፍ ተቀምጧል። አባባ ጃንጥላቸውን አንሥተው በጫፉ ረድፉን ከዳር እስከ ጥልቁ ተከተሉት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ዓሣ አጥማጁ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪ የለበሰ፣ ፀሐይ ያቀላው ሽማግሌ ነው። ወንድሙ ጀልባው ውስጥ ሆኖ ሞተሩን እያስነሳ ነበር። ሰውየው እጃችንን ጨብጦ ሲያበቃ ወደ አባባ ዞረና፣ «ከኛ ጋር ይምጡ፤ ቦታ አለ። መረቡን ስናነሣ ያያሉ» አለ።

አባባ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ጎንበስ አሉ። «ኖ፣ ኖ። ቴንክ ዩ ቬሪ መች።»

ሰውየው እኛን አየን። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። እህቴ ፈገግ ብላ፣ «ሂ ኢዝ ፋይን፣ ሂ ኢዝ ፋይን» አለችው።

«ደስ እንዳላቸው» አለና ገመዱን ፈትቶ ሄደ።

አባባ እጃቸው ገና ደረታቸው ላይ ነበር። የሚለምናቸውን እየጠበቁ ነበር። ጀልባው ዞሮ አፍንጫውን ወደ ካስማዎቹ ሲያደርግ ነው እጃቸው ቀስ ብሎ የወረደው። ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ወዲያው አስተካከሉት እንጂ አይቼዋለሁ። የአሰቡ አውቶብስ በዚያው ሰዓት እንደገና ሄደ።

ከዚያ የባሰው የመጣው በኋላ ነው። አባባ ወደ አሸዋው ወርደው በጃንጥላቸው ጫፍ መሳል ጀመሩ። መጀመሪያ ዳሩን፣ ከዚያ ረድፉን፣ ከዚያ ልቡን። «ያውላችሁ፣ አሁን ሣጥኑ ጋ ደረሱ፤ መረቡን ከሥር ይሰበስቡታል ማለት ነው...» እውነተኛው እዚያ ቆሞ፣ አባቴ ከአሸዋ ላይ ያስተምሩናል! እህቴ «እሺ አባባ፣ ዋው» ትላለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ መኪናው ጋ ጎተትኳት።

«ለምን ፋይን ነው አልሽው?»

«ምን ልበለው? ራሳቸው ኖ አሉ አይደል እንዴ?»

«የአባባ ኖ ምን እንደሆነ አታውቂም?»

«ቀስ በይ፣ እያዩን ነው» አለችና ወደ አባባ እጇን አወዛወዘች። ከዚያ ፈገግታዋን ሳትቀንስ፣ «አውቃለሁ። ባውቅስ? ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ታያለሽ። ውኃ ውስጥ ቢወድቁብኝ ማን ሊጠየቅ ነው? አንቺ? አንቺ እሑድ እሑድ መጥተሽ ስመሽ ትሄጃለሽ። ደግሞ ሺፍት አለኝ ብያለሁ።»

«ስለዚህ ተመቸሽ።»

«አንቺስ? እዚያው ቆመሽ አልነበር? አፍ የለሽም? ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዲናገርልሽ ትጠብቂና ከዚያ ታኮርፊያለሽ። ልክ እሳቸውን!»

ልመታት ፈለግሁ። ትክክል ስለሆነች የበለጠ ልመታት ፈለግሁ። በእህቴ ተናደድኩ፣ በዓሣ አጥማጁ ተናደድኩ፤ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ሰውየው የጠየቀውን ተመልሶለታል። ከሁሉ በላይ ግን አሸዋው ላይ ጎንበስ ባሉት ሰውዬ ተናደድኩ። አንድ ቃል እኮ ነው። «እፈልጋለሁ» ማለት ምን ይገድላል? ይህን ሁሉ ዘመን ብርድ እየበላቸው፣ እየራባቸው፣ አውቶብስ እየሄደባቸው፣ ጨዋ ተባሉበት። እኛንም በዚያው አሳደጉን። ዓይን አፋርነት የሚሉት የእኔ ነገር ሌላ ምንም አይደለም፤ ይሄው የእሳቸው ነው።

ጀልባው ሣጥን ሣጥን ዓሣ ጭኖ ተመለሰ። አባባ ከአሸዋው ወጥተው ባርኔጣቸውን አነሡለት። ዓሣ አጥማጁ ሣጥኖቹን እያወረደ፣ ያኛው አጠገብ ያለው ሁለተኛ መረብ እንደቀረና ተመልሰው እንደሚሄዱ ነገረን። አባባ ወደ እህቴ ጠጋ ብለው፣ «እስቲ ጠይቂልኝ፣ ዓሣው በገባበት በር ለምን አይወጣም?» አሉ።

እህቴ ጠየቀችው። ሰውየው ሳቀ። «እሱን ማየት ነው እንጂ መናገር ይከብደኛል። መጥተው ቢሆን ኖሮ አሳያቸው ነበር» አለ።

«ሊመጡ ፈልገው ነበር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነው። «እንቢ ያሉት እንደገና እንዲጠይቋቸው ነው።»

ሰውየው ግራ ገባው። «ስንቴ ነው የምጠይቃቸው?»

«ሁለት ሦስቴ።»

ወንድሙ ጀልባው ውስጥ ሆኖ ሳቀ። ሰውየው ግን ቅን ነበር። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ አባባ ዞረና፣ «ይምጡ? ይምጡ እንጂ? ይምጡ በናትዎ?» ዓይነት ነገር በእንግሊዝኛ አከታትሎ አለ።

የአባባ ፊት ደም መሰለ። እንግሊዝኛ ይሰማሉ፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ወደ እኔ ሳያዩ በአማርኛ፣ «ሰው ፊት እንዲህ ታራቁቺኛለሽ?» አሉ። ለሰውየው ግን አልመለሱም። ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ የምር ነው። አለቀ።

«በቃ አበላሸሽው» አለች እህቴ።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን አስቤበት አደረግሁት ብል ውሸት ነው። ንዴት ነው ያደረገው። መድረኩ ጫፍ ሄጄ ጀልባው ውስጥ ዘለልኩ። ዋና አልችልም። ጀልባው ሲወዛወዝ የማላውቀውን ሰው ክንድ ያዝኩ። ሰው ሰላም ለማለት እንኳ የምቸገር ሴት ከሁለት የማላውቃቸው ወንዶች ጋር ጀልባ ውስጥ ቆምኩ።

«ወዴት ነው?» አሉ አባባ።

«መረቡን ለማየት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። እርስዎ አይድከሙ አባባ። እዚሁ ይጠብቁኝ» አልኳቸው። የራሳቸውን አነጋገር ነው የመለስኩላቸው፤ እጄን ደረቴ ላይ ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ።

«ብቻሽንማ አትሄጂም!» አሉ።

ጃንጥላቸውን ለእህቴ ሰጡ። ያ ያመማል የተባለው ጉልበት ምንም አልሆነም። የዓሣ አጥማጁን እጅ ይዘው፣ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ እንዲህ ለመውረድ ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ። እህቴ ከመድረኩ ላይ ትጮኻለች፤ «ላይፍ ጃኬት! አባባ ላይፍ ጃኬቱን ይልበሱ! አንቺ ዕብድ፣ ሺፍቴ!»

ከካስማዎቹ መሀል ስንገባ ወፎቹ ተነሡ። ካስማዎቹ በቅርበት የሰው ወገብ ያህል ወፍራም ናቸው፤ ከነልጣቸው የተተከሉ፣ ከውኃው ልክ በታች ዛጎል የለበሱ። አባባ አንዱን ስናልፍ በመዳፋቸው ነኩት። ከዚያ ጣታቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ቀመሱና ወደ እኔ ዞሩ፤ መኮራረፋችንን ረስተው ነበር። «አለው» አሉኝ። «ጨው አለው።»

ሁለቱ ወንድማማቾች የሣጥኑን መረብ ከአንድ ወገን እየሰበሰቡ ሲያነሡት ውኃው መፍላት ጀመረ። አባባ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደግፈው፣ ክራቫታቸው ውኃ እየነካ፣ ያዩ ነበር። ዓሦቹ መረቡን ይዘው ይዞራሉ፤ በሩ ጋ ይደርሳሉ፤ ያልፉታል፤ ደግሞ ይዞራሉ። ደግሞ ያልፉታል።

«በሩ ክፍት ነው» አሉ አባባ።

«አዎ» አልኩ።

«የሚዘጋው ነገር የለም! ግድግዳ ግድግዳውን ብቻ ነው የሚሄደው። እዚያው አጠገቡ ደርሶ አንዴ ቢዞር እኮ ውጭ ነው!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ዓይነት ሞኝ ፍጡር ነው!»

ከንፈሬን ነከስኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም፤ ለማን ልንገረው?

ስንመለስ እህቴ ሥራዋ ደውላ እንደምትዘገይ ተናግራ ነበር። በስልኳ ቪዲዮ አንሥታናለች። ዓሣ አጥማጁ በከረጢት ዓሣ ሊሰጥ ሲዘረጋ አባባ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሲያነሡ አየሁና ቀድሜ ተቀበልኩት።

መንገድ ላይ ደሴ ያለ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ደወለላቸው። አባባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ማድረግ ስለማይወዱ ድምፁ መኪናውን ሞላው። ባሕር ላይ እንደነበሩ፣ መረቡ ሲነሣ እንዳዩ ነገሩት።

«እና ካፒቴን ሆንክ በለኛ!» አለ ሰውየው ከዚያ ማዶ፣ ሳቁ እየተቆራረጠ።

«ኧረ እኔስ አልሄድም ብዬ ነበር» አሉ አባባ። «ልጅቷ ናት ካልሄድኩ ብላ ያስቸገረችኝ። ብቻዋን እንዴት ልልቀቃት?»

እህቴ በመስታወቱ አየችኝ። ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ በመስኮቱ በኩል በቆሎውን አየሁ። ለደሴ መምህራን ሁሉ ታሪኩ ይኸው ነው የሚሆነው፤ አባቴ ባሕር ያዩት ለእኔ ሲሉ ነው። አንድ ቀን እንኳ ፈልጌ ነበር አይሉም።

ስልኩን ዘጉ። ጫማቸውና የሱሪያቸው ጫፍ እርጥብ ነበር፤ የመኪናው ኤሲ እግራቸው ላይ ይነፍሳል። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያሻሉ።

በርዶዎታል ወይ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ከኋላ ወንበር እጄን አሻግሬ ኤሲውን ዘጋሁት።